በሳፋ የተለወጠች የስፌት መኪና

አባዬ የእማዬን የስፌት መኪና በሳፋ ለወጣት። ያወቅሁት ጠዋት ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ነው። ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ ሳሎኑ ሰፋብኝ፤ ምን ሆኖ ነው ብዬ ዞር ስል መስኮቱ ሥር መኪናዋ የለችም። እግሮቿ ለዓመታት ተጭነው ምንጣፉ ላይ ያጎደጎዱት ምልክት ብቻ አለ፤ በምልክቶቹ መሃል ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳፋ ተቀምጧል፣ ሳፋው ውስጥ ደግሞ አንድ ጆግ። አባዬ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ከሳፋው አጠገብ ወንበር ስቦ፣ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አሳርፎ ተቀምጧል። "አባዬ፣ መኪናዋስ?" አልኩት። "ተዋዋልኩ" አለኝ። "ከማን ጋር?" ስለው "ከልዋጯ ጋር ነዋ! ሐሳብ አቀረብኩላት፣ ተቀበለች፣ ተረካከብን። ውሃ ሞልቼ አይቼዋለሁ፣ አያፈስም" አለና ሳፋውን በጣቱ መታ መታ አደረገው።

ምን ይዋጠኝ! ልዋጯን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል። የፕላስቲክ ዕቃ ቁልል ተሸክማ "ልዋጭ! ልዋጭ!" እያለች በየበሩ ትዞራለች፤ ያረጀ ሱሪ፣ ሶሉ የተገነጠለ ጫማ ይሰጧታል፣ እሷ ደግሞ ባልዲ ወይ ማበጠሪያ ትሰጣለች። የስፌት መኪና የሰጣት ሰው ግን እስከ ዛሬ ያለ አይመስለኝም። ጋሪ ገፊ ጠርታ ነው አሉ የወሰደቻት። ጎረቤቶቼ በመስኮት አይተው "ልጅቷ የእናቷን ዕቃ ቸበቸበችው" ሳይሉ አልቀሩም፤ ይበሉ። አባዬን ልቆጣው አፌን ከፍቼ ፊቱን ሳይ ተውኩት። ከፈተና አንደኛ ወጥቶ የመጣ ልጅ ነበር የሚመስለው፤ እንደዚያ ደስ ብሎት ካየሁት ቆይቻለሁ።

ሌላ ቀን ቢሆን ቁጭ ብዬ አልቅሼ፣ ከዚያ ስቄ፣ ከዚያ ሄጄ አመጣት ነበር። ዛሬ ግን ማታ ወንድሜ ጠበቃ ይዞ ይመጣል። አባዬ ቢጃማውን እንደለበሰ ድሮ ያስተምርበት ወደነበረው ሕግ ትምህርት ቤት ሄዶ የሌላ መምህር ክፍል ገብቶ ያስተማረ ዕለት፣ ወንድሜ "እታለም፣ አንድ ነገር ብቻ ይድገም፣ ፍርድ ቤት ነው የምሄደው" ብሎኝ ነበር። ተማሪዎቹ ማስታወሻ ሲጽፉ ነው ጥበቃው የደረሰው፤ አንዱም "ልክ አይደለም" አላለም፤ ይኼንን ስነግረው ወንድሜ አልሳቀም። ክፉ ሆኖ አይደለም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ እሱ ድልድይ ሠሪ ነው፣ ሁሉ ነገር ሳይሰነጠቅ ብረት ማስገባት ይወዳል፤ እኔ ደግሞ የተሰነጠቀውን በምንጣፍ እሸፍናለሁ። ፍርድ ቤት ማለት ግን ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ አባታችን ነው ያስተማረን። ዳኛው ጠይቆት፣ ሐኪም መስክሮበት፣ "ለመዋዋል ችሎታ የለውም" ይባላል፤ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ከተማው ውስጥ ያሉትን ጠበቆችና ዳኞች እኩሌታ ችሎታ ማለት ምን እንደሆነ ያስተማረ ሰው! ጋዜጣውን የሚሸጠው ልጅ ደግሞ የሚቆመው እኔ ሱቅ በር ላይ ነው። ወንድሜ ሲመጣ መስኮቱ ሥር ሳፋ ካየ አበቃ፤ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። ስለዚህ መኪናዋ ከማታ በፊት ቦታዋ ላይ መቆም አለባት።

ብቻዬን ልወጣ ነበር። "አባዬ፣ ሻይህን ጠጣ፣ መጣሁ" ብዬ ጫማዬን ሳስር "የት?" አለኝ። መዋሸት አልችልበትም፤ ነገርኩት። ኮቱን ከመንጠቆው አወረደ። "አንቺ እኮ የውሉ ተዋዋይ አይደለሽም" አለኝ፤ "ውል የሚያስረው የተዋዋሉትን ነው። እኔ ሳልኖር ምን ብለሽ ትቆሚያለሽ?" አያችሁልኝ ጉዴን! እንግዲህ ከእሱ ጋር ስለ ውል መከራከር ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ነው። ክራቫቱን አሠርኩለት፤ ሳፋውን ጆጉን ውስጡ አድርጌ ታቀፍኩ፤ በሩን ቆለፍኩ፤ ወጣን።

እኔና ወንድሜ ያደግነው በዚያች መኪና ሥር ነው። አባዬ ሕግ ሲማር ቤቱን የምታበላው እሷ ነበረች። እማዬ ትሰፋለች፣ እሱ ከጎኗ ቆሞ ጮክ ብሎ ያጠናል፤ ጮክ የሚለው መኪናዋ ስለምትጮህ ነው። ያልገባት ነገር ሲመጣ የእማዬ እግር ቀጥ ይላል፤ ቤቱ ጸጥ ይላል። አባዬ መጽሐፉን ያጥፍና እንደገና ያስረዳታል፤ በመርፌው፣ በክሩ፣ ቀሚሷን አሰፍታ ሳትወስድ በቀረችው ደንበኛ እየመሰለ። ሲገባት እግሯ ይጀምራል፣ እሱም ይቀጥላል። በኋላ መምህር ሲሆን ተማሪዎቹ "ሲያስረዱ ጓዳ ቁጭ ብለን የምንሰማ ነው የሚመስለን" የሚሉት ወዲያ ወዲህ አይደለም፤ እዚያው ነው የለመደው። እኔና ወንድሜ ጠረጴዛው ሥር የጨርቅ ቁርጥራጭ እየለቀምን ሁሉንም ሰምተናል። አንድ ቀን ወንድሜ በመስኮት በኩል የመቀመጥ ተራውን በላጲሴ ሸጠልኝና ላጲሱን ኪሱ ከከተተ በኋላ ካደኝ። ከሰስኩት። አባዬ ዳኛ ሆኖ ተሰየመ፤ እማዬ መኪናዋን አቁማ ችሎት ታደመች፤ ሁለታችንንም ከሰማ በኋላ "ሁለታችሁም አካለ መጠን ስላላደረሳችሁ ውሉ ፈራሽ ነው፤ ላጲሱ ይመለስ፤ መስኮቱ ጋ እኔ እቀመጣለሁ" ብሎ ፈረደ። ወንድሜ አለቀሰ፣ እማዬ እስክትንፈራፈር ሳቀች። ኧረ እንዴት ያለ ቤት ነበር! ይናፍቀኛል። እዚያው ቤት ውስጥ እየኖርኩ ነው የሚናፍቀኝ።

ልዋጮቹ ዕቃቸውን የሚያከማቹት ከገበያው ጀርባ ነው፤ መንገዱ በእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት በኩል ያልፋል። ሱቄ ከሕግ ትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ናት። በሩ ላይ አንዲት ተማሪ ቦርሳዋን ታቅፋ ቆማለች። "እትዬ፣ ዛሬ አይከፈትም እንዴ? የውል ሕግ መሠረታዊ መርሆዎች የሚለውን ፈልጌ ነበር፤ ፈተና ደርሶብናል" አለችኝ። ያ ጽሑፍ የአባዬ ነው፤ ሽፋኑ ከጠፋ ስለቆየ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የኮፒ ኮፒ እየተደረገ የቀኝ ጠርዙ ተቆርጧል፣ የየመስመሩ የመጨረሻ ፊደል የለም፤ ተማሪዎቹ በግምት እያሟሉ ነው የሚያነቡት። ከፍቼ አንድ አወጣሁላት። አባዬ ከእጇ ተቀበላት፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየው፤ ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣና ቆሞ የተቆረጡትን ፊደላት መጨመር ጀመረ። ልጅቷ እኔን አየችኝ፣ እኔ ሰማይ ሰማይ አየሁ። የመጀመሪያውን ገጽ ጨርሶ ሲመልስላት "አባባ፣ ሕግ ያውቃሉ እንዴ?" አለችው። "አውቅ ነበር" አላት። ሳቀችና ሄደች፤ እሱም ሳቀ። እኔ ግን መቆለፊያው እጄ ላይ አልዘጋ አለኝ።

ሱቋን አልፈን ስንሄድ "ለመሆኑ ሳፋ ምን አደረገልህ?" አልኩት፤ ንዴቴ ገና አልበረደም ነበር። እጄ ላይ ያለውን ሳፋ እያየ ሄደ፣ ሄደና "እናትሽ ሳፋ ግዛልኝ ትለኝ ነበር እኮ" አለኝ። "ጨርቅ የምትነክርበት። ድስት ውስጥ ስትነክር ቀለሙ እየለቀቀባት። ስመረቅ እገዛልሻለሁ ብያት ነበር።" ሲመረቅ እኔ ገና ልጅ ነበርኩ፤ እማዬ ግን ጨርቅ የምትነክረው እስከ መጨረሻዋ በዚያው በተቆለመመ ድስት እንደነበር እኔም አውቃለሁ። "ከዚያስ?" አልኩት። "ከዚያማ ተመረቅኩ፣ ረሳሁት። ይኼን የረሳሁት አሁን አይደለም፤ ያኔ ነው።" ክንዱን ያዝኩት፤ ንዴቴም ጥሎኝ ሄደ።

የልዋጮቹ ግቢ ቆርቆሮ የተመታ አጥር አለው። ውስጡ ጣሪያ የሚደርስ የባልዲ፣ የሳፋ፣ የሰሃን ቁልል፤ በሌላው በኩል ደግሞ ከየቤቱ የመጣ የጨርቅ ክምር ነው። ልዋጯ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት፤ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሸሚዝ ትለያለች፦ የሚለበስ ወደ ቀኝ፣ ለመወልወያ የሚሆን ወደ ግራ፣ ቁልፉን ደግሞ በምላጭ እየቆረጠች ቆርቆሮ ውስጥ ትጥለዋለች። የእማዬ መኪና ከባልዲዎቹ መሃል ቆማለች። አንድ ልብስ ሰፊ ተንበርክኮ ዘይት እየቀባት ነው፤ መንኮራኩሯን ሲያዞር ያ ድምፅ መጣ። ዘንግቼው አላውቅም፤ ግን ከሰማሁት ቆይቻለሁ።

"አባባ! ምነው፣ ሳፋው ተሰነጠቀ እንዴ?" አለች ልዋጯ ብድግ ብላ። እኔ ቀደምኩና ማን እንደሆንኩ፣ መኪናዋ የእናቴ እንደሆነች፣ ሳፋውን ይዤ መምጣቴን አስረዳኋት። ሰምታኝ ጨረሰችና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "እኔ አልለመንኳቸውም እኮ እቴ! 'አባባ፣ ይኼ ለሳፋ ይበዛል' ብያቸዋለሁ። እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። ሕግ የሚጠይቀው ፈቅደሽ ነው ወይ እንጂ አትርፈሽ ነው ወይ አይደለም አሉኝ። ኅሊናዬ እንቢ ሲለኝ ጆጉን ምራቂ ሰጠኋቸው። አሁን ደግሞ ለዚህ ሰውዬ ቃል ሰጥቻለሁ፤ መኪናዋን ይወስድና የተቀደደ ልብሴን እስከ ዓመት ይሰፋልኛል።" ልብስ ሰፊው የዘይቱን ጨርቅ ይዞ ተነሳ። "ተስማምተን ጨርሰናል" አለ፤ ሰውዬው ክፉ አይደለም፣ ግን መኪናዋን ወዷታል፤ እጁ ከላይዋ አልወርድ ብሏል።

እንግዲህ እኔም ጠረጴዛ ሥር ተምሬያለሁና ጀመርኩ። "አባቴ ተሳስቶ ነው" አልኩ። አባዬ ከኋላዬ "አልተሳሳትኩም፤ የስፌት መኪና መሆኗን አውቃለሁ፣ ሳፋ መሆኑንም አውቃለሁ" አለ። "እሺ፣ መኪናዋ የእናቴ ናት፤ የእሱ ብቻ አይደለችም" አልኩ። "ልዋጯ ምን ታውቃለች? በቅን ልቦና ነው የተቀበለችው፤ ሕግ የሚጠብቀው እሷን ነው" አለ፤ ጭራሽ አጠገቧ ሄዶ ቆመላት። ልዋጯ ምን ታድርግ፣ በርጩማዋን አቀረበችለት። ልብስ ሰፊው መሳቅ ጀመረ፤ ከአጥሩ ውጭ ሁለት ሦስት ሰው ቆመ። የገዛ አባቴ ሳፋ ታቅፌ በቆምኩበት ረታኝ! በሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር፤ ፀሐይዋን አይቼ ወንድሜ ትዝ ሲለኝ ግን ላብ አጠመቀኝ።

ልዋጯ ግን ሞኝ ሴት አይደለችም። በየቤቱ በር ስትቆም ስንቱን አይታለች። ወደ እኔ ተጠጋችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "አባትሽ ያማቸዋል እንዴ?" አለችኝ። ሳፋውን አጥብቄ ታቀፍኩ። "ካመማቸው አመማቸው በይኝ። ከታመመ ሰው አልወስድም፣ እኔም ወላጅ ነበረኝ፤ አሁኑኑ ጫኚና ሂጂ። ግን በዚህ ሰው ፊት በይው፤ ነገ ቃሏን አጠፈች፣ ለሌላ ሸጠቻት እንዳይለኝ።" ቀላል ነገር ነው የጠየቀችኝ። "አባቴ አእምሮው ደህና አይደለም" ማለት ብቻ። እሱ ግን በርጩማው ላይ ክራቫቱን አስተካክሎ፣ ጥያቄ የሚጠይቀው ተማሪ እንዳለ ዙሪያውን እያየ ተቀምጧል። ወንድሜ በዳኛ ፊት እንዳይላት ከጠዋት ጀምሮ የምለፋባትን ቃል፣ እኔ በገበያ መሃል፣ እሱ እየሰማ ልበላት? ካላልኳትም ሳፋዬን ይዤ እመለሳለሁ፤ ማታ ወንድሜ ይላታል። ብልም ተሸነፍኩ፣ ባልልም ተሸነፍኩ።

አባዬ ተነሳ። "ልጄ አፍራ ነው" አለ። ድምፁ የድሮው ድምፅ ነበር፤ ከኋላ ወንበር የሚሰማው፣ የማይጮኸው። "እኔ ልናገርላት። ሰው ለመዋዋል የሚያደርገውን ማወቅ አለበት፤ ምን እንደሚሰጥ ብቻ ሳይሆን ለማን ብሎ እንደሚሰጥም። እኔ ዛሬ ጠዋት ስነሳ ሚስቴን ፈልጌ ጓዳ ገባሁ። ስትጠፋብኝ ጎረቤት ሄዳ ነው ብዬ ደጅ ወጣሁ። አንቺ ያለፍሽው ያኔ ነው። ሳፋውን ሳይ ደስ ይላታል አልኩ። ሚስቴ ሞታለች፤ አሁን አውቃለሁ፣ ያኔ አላወቅሁም። እንዲህ የሆነ ሰው መዋዋል አይችልም። እዚህ ያለው ሁሉ ምስክር ይሁን፤ እኔ ጠዋት ችሎታ አልነበረኝም። ውሉ ይፍረስ።" ልዋጯ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። "አባባ፣ እንዲህ አጥርቶ የሚናገር ሰው እንዴት አያውቅም ይባላል?" አለችው። "አሁንማ አውቃለሁ" አላት፤ "ችግሩ አሁን ላይ አይደለም።" እኔ እንደሆንኩ ሳፋውን ፊቴ ላይ ደፍቼ ነበር የቆምኩት፤ ማልቀሴን እንዳያይ።

ውል ሲፈርስ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። አባዬ ራሱ ሳፋውን ከእጄ ወስዶ ቁልሉ ላይ አስቀመጠው፤ አስቀምጦት ደግሞ እጁን ከላዩ ሳያነሳ ቆየ። እኔ አላስቻለኝም። ጃኬቴን አወለቅሁና "ይኼ ስንት ሳፋ ይሆናል?" አልኳት። ደህና ጃኬት ነው፤ ልዋጯ ገለባብጣ አየችው፣ ክንዱን ሳበችው፣ ምንም ቢሆን ንግድ ንግድ ነው፣ "ሳፋና ጆግ፤ ሌላ አልጨምርም" አለች። አባዬ መሃላችን ቆሞ፣ እኔ እንዳቀረብኩ፣ እሷ እንደተቀበለች፣ ማንም እንዳላስገደደን አረጋግጦ "ጸንቷል" አለ። ልብስ ሰፊው ሳይቀር አጨበጨበ። ምስኪን፣ መኪናዋን ጋሪ ላይ ያነሳልን እሱ ነው፤ መርፌዋ እንዳይሰበር ጨርቅ አልብሶ፣ ከእጁ እየወጣችበት። በብርድ ተንቀጥቅጬ ቤቴ ገባሁ እንጂ እንደዚያን ቀን ደህና ግብይት ገብይቼ አላውቅም።

መኪናዋን ምልክቷ ላይ መልሰን አቆምናት። አባዬ ደክሞት ጋደም አለ። እኔ ሳሎኑን ወለወልኩ፣ ሻይ ጣድኩ፣ ሳፋውን ጓዳ ሸሸግሁ፤ ወንድሜና ጠበቃው ሲገቡ ቤቱ እንደ ድሮው ነበር። ወንድሜ እንደ ልማዱ ዓይኑን ግድግዳው ላይ አዞረ፤ ምን እንደሚፈልግ አውቃለሁ፤ አላገኘም። "እንዴት ዋለ?" አለኝ። "ደህና" አልኩት። ሌላ አልተባባልንም። ድሮ አንድ ዳቦ ስንካፈል የምንጨቃጨቅ ሰዎች፣ አሁን ስለ አባታችን ስንነጋገር ከአንድ ቃል በላይ የለንም፤ ሁለተኛው ቃል ጠብ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ጠበቃው የአባዬ ተማሪ የነበረ ነው፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሻዩን ሳይጠጣ ያማስላል። ቦርሳውን እግሩ ሥር ደብቆታል። አሳዘነኝ።

አባዬ ኮቱን ለብሶ ወጣ። ሁለቱም ብድግ አሉ። ጠበቃውን ጨበጠውና ሳይለቀው ቆየ። "አንተ ሁለተኛው ረድፍ ላይ የምትተኛው ነህ" አለው። "ነኝ መምህር" አለ ሰውዬው፤ ሽበቱ ድረስ ቀላ። ተሳሳቅን፤ እኔማ ዛሬ አመለጥን ብዬ ነበር። አባዬ ተቀመጠና መኪናዋን በአገጩ አሳይቶ "ዛሬ ጠዋት በሳፋ ለወጥኳት" ሲል ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። ከመነሻው እስከ መጨረሻው አወራላቸው፤ እማዬን መፈለጉን፣ ደጅ መውጣቱን፣ የጃኬቴን ነገር። አንዲት አልቀረችም። አዬ የእኔ ልፋት! ወንድሜ ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያይ ነበር።

"ፍርድ ቤት ልትወስዱኝ እንደመጣችሁ አውቃለሁ" አለ አባዬ። ጠበቃው "መምህር፣ እኔ..." ሲል በእጁ አስቆመው። "ትክክል ናችሁ። ጊዜው ይመጣል። ግን ዛሬ ማታ እኔ ሙሉ ነኝ፤ ሙሉ ሆኜ ሳለሁ ፈቃዴን ልናገር። ነገ የለም ይሆናል።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ልጁን የሚያይ ሰው አይደለም፣ ከፊቱ የተቀመጠ ተዋዋይ የሚያይ ነው። "አንቺ ስለ እኔ ትወስኛለሽ። ወንድምሽ ይቆጣጠርሻል፤ እሱ ጠንቃቃ ነው፣ አንቺ ታባብዪኛለሽ። ቤቱ የእኔ መሆኑን እስከማውቅ ድረስ ከዚህ አታወጡኝም። ከዚያ በኋላ የትም ይሁን። ዳኛ ፊት መቆም የግድ ሲሆን፣ አባታችን ራሱ ፈቅዶ ነው በሉ።" ጠበቃው እስክሪብቶውን አውጥቶ መጻፍ ጀምሯል። "በምላሹ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ" አለ አባዬ። "እናታችሁን ስፈልግ፣ ሞታለች አትበሉኝ። አንዴ ተነግሮኛል። ችዬዋለሁ። በየጠዋቱ እንደ አዲስ ልሸከመው አልችልም። ገበያ ሄዳለች በሉኝ።"

እኔ ልክ አይደለም ልል ነበር፤ አንተ ደህና ነህ፣ ምንም አትሆንም ልል ነበር። እያየኝ ጠበቀ። "እሺታውን በአፍ መስማት አለብኝ" አለኝ ረጋ ብሎ። "ተቀብያለሁ" አልኩት። እንደዚያ ከብዶኝ ያወጣሁት ቃል የለም። አባዬ ወደ ኋላ ተደገፈና ዓይኑን ጨፈነ፤ ትከሻው ሁሉ ረገበ። ጠበቃው የጻፈውን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ለፍርድ ቤት ያመጣውን ማመልከቻ ከቦርሳው ሳያወጣ ዚፑን ዘጋ። ወንድሜ፣ አባዬ እውነት እውነቱን ካልተነገረው በሽታው ይብስበታል ብሎ ከእኔ ጋር ስንት ጊዜ የተጣላ ሰው፣ አልተቃወመም። ሻዩ ቀዘቀዘ። ልቀይርላቸው ስነሳ አባዬ ዓይኑን ገለጠ፤ ሳሎኑን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ በሩን አየ።

"እናታችሁ ምነው ዘገየች?" አለ።

የምሩን ይሁን ሲፈትነን እስከ ዛሬ አላውቅም። ትሪው እጄ ላይ ነበር፤ ቃሉን የሰጠሁት ግን አሁን ነው። "ገበያ..." ብዬ ጀመርኩና መጨረስ አቃተኝ።

"መንገድ ላይ አግኝቻት ነበር" አለ ወንድሜ፣ ወንበሩን ወደ አባዬ እያስጠጋ። "ዕቃው ስለከበዳት ቀስ እያለች ነው የምትመጣው።"